በአደጋ ጊዜ የሚደረግ የዋጋ ቁጥጥር መለኪያ ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድንገተኛ ችግር በመጣ ቁጥር «በስግብግብ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ተወሰደ» የሚል ዜና መስማት ለምደናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ሳኒታይዘር፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በአንድ ጀምበር ተወደዱ፤ ሱቆችም ታሸጉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅም የሆነው ያው ነው። በሁለቱም ጊዜ ነጋዴውም ተቆጣጣሪውም በቁጥር ሊመልሱት ያልቻሉት ጥያቄ ነበር፦ ስንት ሲጨመር ነው ጥፋት የሚሆነው?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 እጥረት ያለበትን ሸቀጥ ማከማቸትን ይከለክላል፤ ለመሠረታዊ ሸቀጦች ዋጋ የሚተመንበትንም መንገድ ያስቀምጣል። በአደጋ ጊዜ የሚፈቀደው ጭማሪ በመቶ ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን ዋጋ ጋር እንደሚነጻጸርና ቁጥጥሩ መቼ እንደሚያበቃ ግን በግልጽ አይነግረንም። ስለዚህ ፍርዱ ሱቁ በር ላይ በቆመው ግብረ ኃይል ስሜት ላይ ይወድቃል።

የካሊፎርኒያን ሕግ ለማነጻጸሪያ እንውሰድ። የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለመሳሰሉት ከዐዋጁ በፊት ከነበረው ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ለ30 ቀናት ወንጀል ነው፤ ለሕንፃ ጥገናና ግንባታ አገልግሎት ደግሞ ለ180 ቀናት። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 10,000 ዶላር ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሕጉ ለነጋዴው የሚተወው መከላከያ ነው፤ የመግዣ ወጪዬ ጨምሯል የሚል ሻጭ በአዲሱ ወጪ ላይ የተለመደ ትርፉን ደምሮ፣ ከድምሩ እስከ 10 በመቶ ማለፍ ይችላል።

በቁጥር እንየው። በ100 ብር ገዝቶ በ120 የሚሸጥ ቸርቻሪ አለ እንበል። አደጋው ሲመጣ ጅምላ ሻጩ 150 አስገባው። በጥሬው 10 በመቶ ብቻ ከተፈቀደለት ጣሪያው 132 ብር ነው፤ በእያንዳንዱ ዕቃ 18 ብር ከሚከስር ሱቁን ይዘጋል፣ ወይም ለሚያውቀው ሰው በጓሮ ይሸጣል። በካሊፎርኒያው ስሌት ግን 150 ላይ 20 በመቶ ትርፍ ሲታከል 180፣ ከዚያ 10 በመቶ ሲጨመር 198 ብር ይደርሳል። 250 ብር የጠየቀው ያለ ክርክር ጥፋተኛ ነው።

እዚህ አገር ይህን ስሌት ገደል የሚከተው ደረሰኝ ነው። በ150 ብር የሸጠ ጅምላ ነጋዴ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለመሸሽ ደረሰኙ ላይ 80 ብር ይጽፋል፤ ወይም ጭራሽ አይቆርጥም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቸርቻሪው ማሳየት የሚችለው 80ውን ብቻ ስለሆነ በ180 ብር በአግባቡ የሸጠው ሰው ከእጥፍ በላይ ያተረፈ ይመስላል። ትርፉን የወሰደው የላይኛው ነጋዴ ግን መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጧል። ቁጥጥሩ ከችርቻሮ ሳይሆን ከአስመጪውና ከጅምላው መጀመር ያለበት ለዚህ ነው፤ ጥቂቶች ስለሆኑ ለመከታተልም ይቀላሉ።

ሥነ ምግባሩን በተመለከተ «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉት ምሁራን ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዋጋ ሲወደድ ዕቃ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ አላስፈላጊ ግዢም ይቀንሳል። ይህ የሚሠራው ግን አቅርቦቱ በቀናት ውስጥ መጨመር ከቻለ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ መሸፈኛ ያጣው ጎረቤት እኔንም ያስይዘኛል፤ ገንዘብ ያለው ብቻ እንዲገዛ መተው ለባለ ገንዘቡም አይበጅም። በአንጻሩ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ስለማይከላከሉ ዋጋቸውን ለመቆጣጠር የተሰማራ ጉልበት ባክኗል ባይ ነኝ።

ሳኒታይዘር የት ላይ መቆጣጠር እንዳለብን ጥሩ ማሳያ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 10 ሊትር ለማዘጋጀት 96 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውሃ ነው። አብዛኛው ወጪ ኤታኖሉና ጠርሙሱ ነው ማለት ነው። ኤታኖል ከሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ተረፈ ምርት፣ የሚያወጡ እንደ ፊንጫና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች አሉን። ኤታኖሉ በታወቀ ዋጋ ለአምራቾች ከተከፋፈለ የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ መበርበር ብዙም አያስፈልግም።

የምንዛሪው ጉዳይ ሌላ ነው። ዋዜማውን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዶላር አስልቶ ሲሸጥ የነበረ ነጋዴ ለጭማሪ ምክንያት አልነበረውም፤ በባንክ ምንዛሪ ያስመጣው ግን በድሮው ዋጋ ሸጦ መደርደሪያውን መልሶ መሙላት አይችልም። ወጪው ለዘለቄታው ከተቀየረ ጉዳዩ የአደጋ ጊዜ ሕግ ሳይሆን የዋጋ ንረት ነው። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጣል ዕቃ ከገበያ ጠፋ፣ ሰልፍ በዛ፤ አብዛኛው ጣሪያም ከወራት በኋላ ተነሣ። የአደጋ ጊዜ ጣሪያ በ30 ቀናት ውስጥ ያብቃ፤ ይራዘም ከተባለም ምክንያቱ በይፋ ይገለጽ። መነሻው ደግሞ የአንድ ቀን ዋጋ ሳይሆን ከዐዋጁ በፊት የነበሩት 30 ቀናት አማካይ ይሁን። ጣሪያ ያለ ኮታ ግን አይሠራም፤ ለአንድ ሰው ስንት እንደሚሸጥ ካልተወሰነ ቀድሞ የደረሰው ጠራርጎ ወስዶ መንገድ ዳር በእጥፍ ይቸረችረዋል።

ማሸጉ ደግሞ ይቅር። እጥረት ባለበት ቀን ሱቅ ማሸግ ያለውን ዕቃ ከገበያ ማውጣት ነው፤ የሚቀጣው ከነጋዴው ይልቅ ገዢው ነው። ያለ አግባብ የተገኘው ትርፍ ይወረስ፣ መቀጮውም ይክበድ፤ ዕቃው ግን በተፈቀደው ዋጋ በዚያው ዕለት እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሸጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ