ከናፍቆትህና ከአንድ ሞተር በስተቀር

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ልጆችህ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትህና ከአንድ ሞተር በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አራት ዓመት ዝም ማለቴን በሥራ ብዛት ላመካኝ አስቤ ነበር። ግን ታውቀኛለህ፤ ሥራ በዝቶብኝ ወሬ የተውኩበት ቀን የለም። ምክንያቱ ካርቡራተሩ ነው። ለቮልሷ ላክልኝ ያልከኝን በሳምንቱ ገዝቼው ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስጠብቅ አንዱ ሳልሰማ ሄደ፤ ሌላው ሻንጣዬ ሞልቷል አለኝ። ከዚያ "ገና አልላክሁልህም" ብሎ መደወሉ አሳፈረኝ። ዓመት ሲሞላው ደግሞ ኀፍረቱ ወለድ ወለደ። ባለፈው ቅዳሜ የመፍቻ ሣጥኔን ስበረብር ከነካርቶኑ ከሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

ሣጥኑን ያስከፈተኝ ነገር ይኸውልህ። ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ጣራው ወደ ላይ የሚነሣ አሮጌ የቮልስዋገን ኮምቢ እንደገዛሁ ነግሬህ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1986 ሥሪት። ነሐሴ ላይ ልጆቹን ይዘን ከሰሜን ባሕር ስንመለስ፣ እዚህ ጀርመን ካሰል ከተማ አካባቢ ያለው ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያዋ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። መቆም ነበረብኝ። ዝናብ ይጥላል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ማረፊያው ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትር ቢቀረው ነው ብዬ ነዳሁት። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ቢኖሩ ይህን አንተም አትነግራቸውም ነበር። ማረፊያው ደርሼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው ጫፉ ላይ ያገኘሁት ዘይት ሳይሆን ማኪያቶ ነው። አረፋው ሳይቀር። ውኃው ከዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ይህ ሞተር የቮልሷ ዘመድ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች እንደ እሷው ጎንና ጎን ተኝተዋል፤ ልዩነቱ ቮልሷ በነፋስ ስትቀዘቅዝ ይህኛው በውኃ መቀዝቀዙ ነው። መከራውም የመጣው በውኃው ነው። የሞተሩ ክዳን ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ዋናው አካሉ ብሎኩም አሉሚኒየም፤ በመካከላቸው ውኃውን የሚይዘው ሰፊ የጎማ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው። የቀድሞው ባለቤት የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ በጊዜው ሳይቀይር ከቆየ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ጎማው የሚያርፍበት ፊት ጥርሱ እንደወለቀ ልጅ ድድ ጎድጓዳ ይሆናል። የእኔ ከዚያም አልፏል። የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ ኮምፕሬሽኑን ስለካው ሦስቱ ሲሊንደሮች ደህና ናቸው፤ አራተኛው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሲነሣ ደግሞ ከሥር የሚያንኳኳ ነገር አለ፤ የፒስተኑ ዘንግ፣ ቢየላው ይመስለኛል።

ዕቃ መሸጫው ቤት ሄጄ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? "ጓርኒሲዮን።" ሻጩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጀርመኖቹ ዲኽቱንግ ነው የሚሉት፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ግን ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬም ሞተር ሳስብ የማስበው በአባትህ ጋራዥ ቋንቋ ነው። ከኋላዬ ተራ ይጠብቅ የነበረ ጣሊያናዊ ግን ገብቶት ሳቀ። አያቶቹ አገራችን አምስት ዓመት ቆይተው ቴስታታና ካምቢዮ የሚሉ ቃላት ትተውልን እንደሄዱ ልነግረው ብዬ ተውኩት።

ጋራዥ ሰጥቼ በታደሰ ሞተር ላስቀይር ብል 7,200 ዩሮ ጠየቁኝ። መኪናዋን ከዚያ ባነሰ ነው የገዛኋት። የሱባሩ ሞተር ግጠምበት የሚሉኝም አሉ፤ እሱም ጎንና ጎን የተኛ ነው፣ ጉልበቱም ይበልጣል። ነገር ግን ሌላ ዓይነት ሞተር ሲገባ መርማሪ መሐንዲስ አይቶ ማጽደቅ፣ ሊብሬው ላይም መጻፍ አለበት። በዚያ ላይ 30 ዓመት ላለፋቸው መኪኖች የሚሰጠውን ልዩ ታርጋ ሊያሳጣኝ ይችላል፤ በዚህ ታርጋ ዓመታዊ ግብሬ ቁርጥ 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ሱባሩን ትቼዋለሁ። የሚገባው ያው ዓይነት ሞተር ነው፤ አሮጌውን አስረክቤ የታደሰ እወስዳለሁ። አልከፍተውም። ማውረድና መስቀል እችላለሁ፤ ብሎክ ከፍቶ መግጠም ግን የአንተ እጅ እንጂ የእኔ አይደለም።

አሁን ያልቆረጥኩት የት እንደማወርደው ነው። ቮልሷን በግቢያችሁ ያወረድንበትን ቀን አስታወስኩ። አራት ቡሎን። አንተ ከሥር ተኝተህ ዳዶውን ስትፈታ፣ እኔ ከማራገቢያው ቤት ኋላ እጄን ሰድጄ የማላየውን የቡሎን ራስ በመፍቻ ይዤ፣ "ያዝከው?" "ይዤዋለሁ" ስንባባል፣ ከዚያ ሞተሩ ድንገት ለቀቀና አሮጌው ጎማ ላይ ዘጭ አለ። አባትህ የተቆጡት ስለ ሞተሩ አልነበረም፤ ክሪኩ ጎን ግንድ ሳናስገባ ከሥር በመግባታችን ነበር። እሳቸው ክሪክ አያምኑም ነበር።

ይህኛው የቮልሷ ዓይነት ጨዋታ አይደለም። ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የውኃ ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ ሽቦ ሁሉ ተጠምጥሞበታል። የሚወጣው ወደ ታች ስለሆነ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። እዚህ አገር በሰዓት የሚከራይ፣ መኪናህን ሰቅለህ ራስህ የምትሠራበት ጋራዥ አለ። መሰቀያው ጠንካራ ነው፣ መብራቱ ጥሩ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው። እኔ የምፈራው የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን ቡሎኖች ነው። የዝገታቸውን ነገር አትጠይቀኝ፤ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ቡሎን ተሰብሮ ቢቀር ሂሳቡ እየቆጠረ ነው፤ ሞተር የሌለውን መኪና ደግሞ ነድቼ ልወጣ አልችልም። ቤት ከሆነ መብራቱን አጥፍቼ እገባለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እቀጥላለሁ።

አከራያችን በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ናቸው። ፈቀዱልኝ፤ ግን አንድ የዘይት ጠብታ መሬት ላይ እንዳላይ ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ዘይት አፈር ላይ ማፍሰስ በሕግ ያስቀጣል። የጋራዦቹን ሰፈር የሶማሌ ተራን ጥቁር አፈር ቢያዩ ራሳቸውን ስተው በወደቁ። ባለቤቴ በበኩሏ እስክጨርስ ሰምታኝ "የናፈቀህ ሞተር ነው ወይስ ጓደኛህ?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

እንግዲህ ቤት ነው የማወርደው፤ ሲጽፉ ነገሩ ይቆረጣል መሰለኝ። ብርዱ ሲያልፍ፣ ከፋሲካ በኋላ። ግንድም ገዝቻለሁ፣ አራት ወፍራም ጉማጅ። ወርዶ ሳለ ፍሪሲዮኑን እቀይራለሁ፤ የደረቁትን የነዳጅ ቱቦዎች ሁሉ እጥላቸዋለሁ፤ እነሱ ተሰንጥቀው ሞተር ላይ ሲያንጠባጥቡ እሳት ይነሣል።

አንድ ነገር ምከረኝ። ሞተሩ ሲለቅ የማርሽ ሣጥኑን፣ ካምቢዮውን ከኋላ የሚይዘው የለም፤ ኋላው ወደ ታች ይደፋል። አንዳንዱ በጠንካራ ገመድ ከላይ አንጠልጥለው ይላል፤ አንዳንዱ አብረህ አውርደው ይላል። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

የባለቤቴ እህት ለገና ከዚህ ወደ እናንተ ትመጣለች። ሻንጣዋን የማሽገው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የሚገባው ካርቡራተሩ ነው። ካርቶኑ ላይ የድሮውን ስልክህን ጽፌበታለሁ፤ ቀይረኸው ከሆነ ቶሎ አሳውቀኝ።

ወንድምህ