አንዱን ከብዙ መለየት፦ የኬሚስትሪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የኬሚስትሪ ክበባችን በዚህ ዓመት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል፤ ካለፉት ዓመታት በተለየም ጊዜውን ሁሉ ለአንድ ርእስ ሰጥቷል። ርእሱ ኮምቢናቶሪያል ኬሚስትሪ ነው። ይህም ጥቂት የሞለኪውል ክፍሎችን ሊቀናጁ በሚችሉበት መንገድ ሁሉ በማቀናጀት እጅግ ብዙ አዳዲስ ሞለኪውሎችን በአንድነት የመሥራትና ከመካከላቸው ለተፈለገው ተግባር የሚውለውን የመለየት ዘዴ ነው። ለርእሱ መመረጥ ምክንያት የሆነው በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ነበር። በዚያን ቀን ስለ ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ እየተነጋገርን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በእርሱ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ በመዝገብ 606 ቁጥር የተሰጠው የአርሴኒክ ውሁድ በቂጥኝ አምጪ ተሕዋስ ላይ እንደሚሠራ አረጋገጠ፤ ውሁዱም በ1910 ሳልቫርሳን በሚል ስም ለሕክምና ዋለ። ተማሪዋ የጠየቀችው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ውሁዶች ሁሉ አንድ በአንድ ተሠርተው አንድ በአንድ ከተሞከሩ፣ ዛሬም መድኃኒት ፈላጊዎች በዚያው መንገድ ይሄዱ እንደሆነ ነበር። ጥያቄው ለአንድ ሐሙስ ብቻ የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም።

መልሱን ለማግኘት አስቀድመን መቁጠር ነበረብን። የሒሳብ መምህራችን በፈቃዳቸው ሁለት ሐሙሶችን አብረውን አሳልፈዋል፤ ስለዚህም ክበቡ ያመሰግናቸዋል። የሰውነታችን ፕሮቲኖች የሚገነቡባቸው መደበኛ አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን እየለዋወጥን ሁለት ሁለቱን ብናያይዛቸው 400፣ ሦስት ሦስቱን 8,000፣ አራት አራቱን 160,000፣ አምስት አምስቱን ደግሞ 3,200,000 የተለያዩ ሰንሰለቶች ይገኛሉ። እነዚህን ባለ አምስት ሰንሰለቶች ለየብቻ እንሥራ ብንል፣ እያንዳንዱ አምስት እርምጃ ስለሚፈልግ ሥራው 16 ሚሊዮን ጊዜ አሚኖ አሲድ መጨመርን ይጠይቃል። ተማሪዎቹ ይህን ቁጥር በሰሌዳው ላይ ሲያዩ ነገሩ የማይቻል እንደሆነ ደመደሙ። ኬሚስቶች ግን በ100 እርምጃ የሚሠራበትን መንገድ አግኝተዋል።

የዚህ ሥራ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ሜሪፊልድ የመጀመሪያውን አሚኖ አሲድ ፖሊስታይሪን ከተባለ ፕላስቲክ በተሠሩ ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ አሰረና ሌሎቹን በየተራ በላዩ ቀጠለ። ሰንሰለቱ ከዶቃው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ትርፉን ኬሚካል ለማስወገድ ማጠብና ማጥለል ብቻ ይበቃል። ሜሪፊልድ በዚህ ሥራ የ1984ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቀጣዩን ታላቅ እርምጃ የወሰደው ሀንጋሪያዊው አርፓድ ፉርካ ሲሆን፣ ሐሳቡን በ1982 ጽፎ በቡዳፔስት በሕጋዊ መዝጋቢ ዘንድ አስመዝግቦታል። ሐሳቡም ከፍሎ መቀላቀል ነው። ዶቃዎቹ በእኩል በ20 ዕቃ ይከፈላሉ፤ በእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ ይጨመራል፤ ከዚያም ሁሉም ዶቃዎች ተሰብስበው በደንብ ይደባለቁና እንደ ገና በእኩል ይከፈላሉ። ይህ አምስት ጊዜ ሲደገም ሥራው 20 በ5፣ ማለትም 100 እርምጃ ይሆናል፤ የሚገኘው ግን ያ 3,200,000 ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ዶቃ በየዙሩ የገባው በአንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ የሚሸከመው አንድ ዓይነት ሰንሰለት ብቻ ነው።

ይህን በቃል ማስረዳት በቂ ስላልሆነ በኅዳር ወር በትምህርት ቤቱ ግቢ በተግባር አየነው። የክበቡ አባላት 27 መሆናቸው ተመቸን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዶቃ ሆኖ ባዶ ካርድ ያዘ። ሦስት ክፍሎችን ወስደን በአንደኛው «መ»፣ በሁለተኛው «ለ»፣ በሦስተኛው «ሰ» የሚል ፊደል ብቻ እንዲጻፍ አደረግን። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ገብተው ፊደላቸውን አስጻፉ፤ ወጥተው በሜዳው ላይ ተደባለቁ፤ እንደ ገና ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ገቡ። ከሦስት ዙር በኋላ ሁሉም ባለ ሦስት ፊደል ካርድ ይዘው ወጡ። ከሦስቱ ፊደላት የሚሠሩት ቅንጅቶች 27 ናቸው፤ አብዛኞቹም ትርጉም የሌላቸው ናቸው። በአንዱ ካርድ ላይ «መለሰ»፣ በሌላው «መሰለ» የሚል ሲገኝ ግን፣ እነዚያው ፊደላት ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ሌላ ነገር መናገራቸውን ሁሉም አየ። በአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ኬሚስቶች ሙሉውን ስብስብ ቤተ መጻሕፍት ይሉታል፤ ከእርሱ ውስጥ ትርጉም ያለውን ቃል መፈለግ ደግሞ ልየታ ነው። በአማርኛ ግሥ ይህን ያህል ጥርት ብሎ የሚታይ ምሳሌ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ከዚህ ጨዋታ ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ግን ያላሰብነው ነበር። ተማሪዎቹ 27 ካርድ ካለ 27ቱም ቅንጅቶች ይገኛሉ ብለው ነበር፤ ሲቆጠር የተገኙት የተለያዩ ቅንጅቶች 17 ብቻ ሆኑ። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተደግሟል፤ አሥሩ ፈጽሞ አልተሠሩም። መደባለቁ ዕድልን ስለሚከተል ዶቃዎቹ ከውሁዶቹ ቁጥር ጋር እኩል ቢሆኑ በአማካይ የሚገኘው ከመቶ 63 ያህሉ ብቻ ነው፤ 95 ያህሉን ለማግኘት ደግሞ ዶቃዎቹ ሦስት እጥፍ መሆን አለባቸው። ይህንን በሚቀጥለው ሳምንት በ81 ቁርጥራጭ ወረቀትና በሦስት ቅርጫት ደግመነው 26 ቅንጅቶችን አገኘን። እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ ኬሚስቶች ከውሁዶቹ ይልቅ ብዙ ዶቃ የሚጠቀሙበት ምክንያት ለተማሪዎቹ የተገለጠው ያኔ ነው።

በጥርና በየካቲት የታሪኩን ቅርንጫፎች ተማሪዎቹ ራሳቸው ተካፍለው አቀረቡ። ማሪዮ ጌይሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በአውስትራሊያ የሠራውን ያቀረቡት ሁለት ተማሪዎች፣ ዘዴው የተፈተነው በአፍተግር በሽታ ቫይረስ ላይ መሆኑን ሲናገሩ ከብት ካላቸው ቤተሰቦች የመጡት ልጆች በልዩ ትኩረት አዳመጡ። ጌይሰንና ባልደረቦቹ የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን በስድስት ስድስት አሚኖ አሲድ ተደራራቢ ቁርጥራጮች ከፍለው 208 ሰንሰለቶችን በፕላስቲክ ዘንጎች ጫፍ ላይ ሠሩ፤ የትኛው ቁርጥራጭ በፀረ እንግዳ አካል እንደሚታወቅም ለዩ። ሪቻርድ ሆውተን ደግሞ በ1985 ዶቃዎችን እንደ ሻይ ከረጢት ባሉ የፕላስቲክ መረቦች ውስጥ አሽጎ፣ በየከረጢቱ ላይ ምልክት በማድረግ፣ እያንዳንዳቸው 13 አሚኖ አሲድ ያላቸውን 248 ሰንሰለቶች ከአራት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ማዘጋጀቱን አሳወቀ። በ1991 ኪት ላምና ባልደረቦቹ በአሪዞና ሚሊዮን ዶቃዎችን በአንድነት ከተፈላጊው ፕሮቲን ጋር አደባልቀው፣ ፕሮቲኑ የያዛቸውን ዶቃዎች በቀለም ለይተው በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ መልቀም እንደሚቻል አሳዩ።

በመጋቢት ወደ ቤተ ሙከራ ገባን። አቅማችን የሚፈቅደው ኤስተሮችን መሥራት ነበር፤ እነዚህም ከአሲድና ከአልኮል የሚገኙ፣ ብዙዎቹ የየራሳቸው ጠረን ያላቸው ውሁዶች ናቸው። ሁለት አሲዶችን፣ አሴቲክንና ሳሊሲሊክን፣ ከአራት አልኮሎች፣ ከሜታኖል፣ ከኤታኖል፣ ከቡታኖልና ከአሚል አልኮል ጋር አቀናጅተን በስምንት የሙከራ ቱቦዎች ስምንት ውሁዶችን ለመሥራት አቀድን። ሜታኖል መርዛም ስለሆነና አልኮሎቹ ሁሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ በክፍሉ ውስጥ እሳት አልነበረም፤ ውኃው ውጭ ፈልቶ ገባ፤ ያልተበረዘውን ሰልፈሪክ አሲድ በጠብታ የጨመርኩት እኔው ነኝ። ተማሪዎቹ መነጽርና ጓንት አድርገው ቱቦዎቹን በሙቅ ውኃው ውስጥ አቆዩ።

ቱቦዎቹ ሲወጡ ሁሉም ስም አልባ ሆነው ወጡ። ስማቸውን የጻፍነው በውኃ በሚለቅ ቀለም ነበርና ሙቅ ውኃው አጥቦት ነበር፤ የቀለሙን ዓይነት አስቀድሞ መመርመር የእኔ ኃላፊነት ነበር። የመጀመሪያው ሐሳቤ ሥራውን ደፍቶ እንደ ገና መጀመር ነበር። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን፣ «መምህር፣ እኮ ይኸው ነው የኪት ላም ችግር፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አናውቅም፤ ፈልገን እናግኘው» አለ። ትክክል ነበር፤ ቀጣዮቹን ሦስት ሐሙሶች ለዚሁ ሰጠን።

ከየቱቦው ጥቂት ወስደን በፌሪክ ክሎራይድ ሞከርን። ሳሊሲሊክ አሲድና ኤስተሮቹ ከዚህ ጨው ጋር ሐምራዊ ቀለም ይሰጣሉ፤ የአሴቲክ አሲድ ኤስተሮች ግን ይህን ቀለም አያወጡም። ስለዚህ ስምንቱ በአንድ ሙከራ አራትና አራት ሆነው ተከፈሉ። ከዚያ የቀረውን አሲድ ለማጥፋት እያንዳንዱን በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ላይ ጠብ አድርገን፣ ጠረኑን በእጅ ወደ አፍንጫ በማራገብ ብቻ መረመርን። ሜቲል ሳሊሲሌትን ማንም አልሳተውም፤ በየቤቱ ለቁርጥማት የሚታሸው ቅባት ጠረን ነው። አሚል አሴቴት እንደ በሰለ ሙዝ ሸተተ። ኤቲል አሴቴትን ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠረን አወቅነው፤ ሜቲል አሴቴት ግን ለእርሱ እጅግ ቅርብ ስለነበረ ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው ተከራከሩ። ክርክሩ የተፈታው ሁለቱን ውሁዶች እንደ ገና ለየብቻ፣ ስማቸውን በእርሳስ ጽፈን ሠርተን፣ ጎን ለጎን በማነጻጸር ነበር። በትልልቅ ቤተ ሙከራዎችም ከልየታ የወጣ ውሁድ የሚታመነው በንጽሕና ዳግመኛ ተሠርቶ ያንኑ ውጤት ሲሰጥ መሆኑን የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ እንዲህ የሚገባቸው አይመስለኝም።

የምልክት ነገር ከዚያ ወዲህ የክበቡ ዋና ጉዳይ ሆነ። ሲድኒ ብሬነርና ሪቻርድ ለርነር እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ የብዙ ተማሪዎችን ልብ የሳበውም ስለዚህ ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት በእያንዳንዱ ዙር ለሞለኪውሉ አንድ ክፍል ሲጨመር፣ ያንን ክፍል የሚያመለክት አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ አብሮ ይቀጠላል፤ በመጨረሻ ከተፈላጊው ፕሮቲን ጋር የተጣበቀው ሞለኪውል ማን እንደሆነ ዲ ኤን ኤው ተባዝቶ ሲነበብ ይታወቃል። ሞለኪውሉ ታሪኩን ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው፤ የእኛ ቱቦዎች የጎደላቸውም ይኸው ነበር።

በሚያዝያ የተወያየንበት ጥያቄ፣ ብዙ መሥራት ከተቻለ ለምን መድኃኒቱ አልበዛም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ውሁዶችን ሠርተው፣ 96፣ 384፣ በኋላም 1,536 ጉድጓዶች ባሏቸው የፕላስቲክ ሰሌዳዎች በማሽን እየሞከሩ ብዙ ተስፋ ቢያደርጉም፣ በቀጥታ ከእነዚህ ስብስቦች የወጡት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። ዘወትር በምሳሌነት የሚጠቀሰው በ2005 በአሜሪካ ለኩላሊት ካንሰር የተፈቀደው ሶራፌኒብ ነው። በእርሱም ታሪክ የመጀመሪያው ደካማ ውጤት ከሰፊ ልየታ ከተገኘ በኋላ፣ በዚያ ዙሪያ የተሠራ አነስተኛና የታሰበበት ስብስብ ነበር ሥራውን ወደ ፊት የገፋው። እኔም ለተማሪዎቼ አጥብቄ የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ ስብስቡ የሚረዳው ጥያቄው ጥሩ ሲሆን ነው፤ የውሁድ ብዛት የጥያቄን ቦታ አይተካም።

ክሪስቶፈር ሊፒንስኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣቸውን የመድኃኒት መመዘኛዎችም በዚሁ ወር ሞከርናቸው። በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ500 አይበልጥም፤ ስብ ወዳድነቱም ልክ አለው፤ የሃይድሮጅን ትስስር፣ ማለትም በሃይድሮጅን አማካይነት የሚሆን ደካማ መሳሳብ፣ ሰጪዎቹ ከ5፣ ተቀባዮቹ ከ10 አይበልጡም። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው የመድኃኒት ማሸጊያ ወረቀቶችን አምጥተው ክብደት አሰሉ። አስፒሪን 180፣ ክሎሮኪን 320 ሆኖ ወጣ። ለወባ ከአርቴሜተር ጋር የሚሰጠው ሉሜፋንትሪን ግን 529 ሆነ፤ ስብ ወዳድነቱም ከልኩ ያልፋል። ይህ መድኃኒት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ የሚባለው ስለዚህ እንደሆነ ሲረዱ፣ ከየጤና ጣቢያው የሰሙት ምክር ኬሚስትሪ ሆኖ አገኙት።

አንድ ተማሪ በዚህ ውይይት ላይ የእንዶድን ነገር አነሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ መኖሩን አሳይተዋል። ተማሪው ይህም ልየታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው ብዬ መለስኩ፤ የሙከራ ሰሌዳው ወንዙ ነበር፣ ውጤቱን ያነበበውም የሚያስተውል ዓይን ነው።

በመጪው ዓመት ሥራውን ወደ ሦስት አሲድና አምስት አልኮል፣ ማለትም ወደ 15 ቱቦዎች ለማሳደግ አስበናል። ምልክቱ በእርሳስ ተጽፎ በቱቦው አፍ ላይ በክር ይታሰራል፤ ግልባጩም በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ያለ ላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ትጋት ይህ ሁሉ አይሆንም ነበርና ምስጋናችን ለእርሳቸው ነው። ተመራቂዎቹ ለተተኪዎቻቸው ያስረከቡት መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት ቱቦዎች እስካሁን ስም አልተሰጣቸውም፤ ሐምራዊ ቀለም ከሰጡት አራቱ መካከል ጠረናቸው እጅግ የደከመው፣ የቡታኖልና የአሚል አልኮል ሳሊሲሌቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሐሙስ ሥራ እነርሱን መለየት ይሆናል።