ኮድ መጻፍ ከመጀመራችን በፊት

ውድ አባላት፣

ደብረ ብርሃን ላሉ የኮሌጅ ተማሪዎች በምንሠራው የገንዘብ መቆጣጠሪያ ድረ ገጽ ላይ እነዚህን እንያዝ።

ተማሪ ደሞዝተኛ አይደለም። ብሩ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሸዋ ሮቢት የሚላክለት ቤተሰብ ሲሞላለት ነው፤ ስለዚህ «የወር ገቢ» የሚል ቅጽ አይሆነውም። የመጀመሪያው ገጽ እጅ ላይ ስንት ብር እንዳለና ስንት ቀን ማድረስ እንዳለበት ብቻ ይጠይቅ። 2,400 ብር ለ30 ቀን ከሆነ፣ አስቀድሞ ለአገር ቤት መሄጃ 400፣ ለፎቶ ኮፒ 200 ይነሣለት። የቀረው 1,800 ሲካፈል በቀን 60 ብር ይመጣል፤ በትልቁ መታየት ያለበት ይሄ ቁጥር ነው። ዛሬ 85 ካወጣ፣ ከነገ ጀምሮ የቀን ድርሻው 59 ብር ከ13 ሳንቲም ይሆናል፤ ከማካፈሉ የተረፈችው 23 ሳንቲም ወደ መጨረሻው ቀን ትሂድ እንጂ አትጥፋ።

ሒሳቡ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻው) ውስጥ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይቀመጥ። የድረ ገጽ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት 0.1ን ከ0.2 ጋር ሲደምር በ0.3 ፈንታ 0.30000000000000004 ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር አንዴ ያየ ተማሪ ሁለተኛ አያምነንም።

ቀን መቁጠሪያው 13 ወር ይኑረው፤ አለዚያ የጳጉሜን ወጪ መግቢያ ያጣል።

ኔትወርክ ሲዘገይ ሰው «መዝግብ»ን ደጋግሞ ይጫናል፤ አንዱ ሻይ ሦስት ይሆናል። እያንዳንዱ ወጪ ገና ስልኩ ላይ ሳለ መለያ ቁጥር ይሰጠው፣ ሰርቨሩም (መረጃውን ከስልኩ የሚቀበለው ኮምፒውተር) የተደገመውን ይጣል።

የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሳጥን ግን በምንም ምክንያት እንዳይገባ፣ አደራ።