መድኃኒቱ ተፈቅዷል፣ ክፍያው ግን አያልፍም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ማዕቀብ ምግብንና መድኃኒትን አይነካም የሚለው ባለፈው እትማችሁ የወጣው ጽሑፍ በሕጉ ቃል ትክክል ቢሆንም፣ ከሕጉ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ያለውን መንገድ ዘሎታል።

ኢራንን እንመልከት። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ከኒውክሌር ስምምነቱ ወጥታ ማዕቀቡን ስትመልስ መድኃኒት ከክልከላው ውጭ ነበር፤ ሆኖም ብዙ ባንኮች ቅጣት ፈርተው ክፍያ ከማስተላለፍ በመቆጠባቸው፣ የተፈቀደው ዕቃ ሻጭም ገዢም እያለው ገንዘቡ የሚያልፍበት በር አጣ። ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ የሚላጥና የሚቆስል፣ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት፣ ቁስል ላይ የማይጣበቅ ልዩ ፋሻ ያቀርብ የነበረ አንድ የስዊድን ኩባንያ መላኩን ያቆመው ከዚሁ በኋላ ነው። ተራ ጎዝ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ እንደሚነሳ ቁስል ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል።

የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን፣ አሜሪካ በመድኃኒት፣ በምግብና በሲቪል አውሮፕላን ደኅንነት ዕቃዎች ላይ ያለውን መሰናክል እንድታነሳ አዝዟል። በ2020 መጀመሪያ በስዊዘርላንድ በኩል በተከፈተው የክፍያ መስመር ለሙከራ የተላከው የካንሰርና የንቅለ ተከላ መድኃኒት 2.3 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የሚያወጣ ነበር፤ የኢራን መንግሥት የራሱ ጥፋት እንዳለ ሆኖ፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ይህ ስንት እንደሚደርሰው አንባቢ ያስላው። ስለ ማዕቀብ ዳግም ስትጽፉ ከሕግ ባለሙያው ሌላ አንድ የባንክ ሠራተኛም እንድታነጋግሩ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ