ለጭነታችን ተጠያቂው ማን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቡሬ ላይ በርበሬ እነግዳለሁ። ከገበሬው ገዝቼ አከማችና አዲስ አበባ በርበሬ በረንዳ ላሉ ደንበኞቼ እልካለሁ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆነው በዚያ መንገድ ላይ ንብረታችንን ለማን እንደምናስረክብ ደጋግመን ልናስብበት ይገባል ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

እዚህ መኪና የሚገኘው በደላላ ነው። ደላላው ይደውልና «ማዳበሪያ አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ አለ፤ በኩንታል ቅናሽ አለው» ይላል። ነጋዴው ቅናሹን ሲሰማ እሺ ይላል። ባለመኪናው ማን ነው፣ ዕቃው ቢጎድል ወይም ቢበላሽ የሚከፍለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ወረቀት ተብሎ የሚያዘውም የጆንያው ብዛት፣ የሾፌሩ ስምና ስልክ ቁጥር ነው፤ በቃ።

በርበሬ እንደ በቆሎ በደፈናው የሚጫን አይደለም። ቀላል ስለሆነ መኪናው ክብደቱ ሳይደርስ በቦታ ይሞላል። ባለመኪናው ትርፍ እንዲያስገባለት ጫኞቹ ጆንያው ላይ ቆመው ይረግጡታል፤ ዛላው ይሰበራል፣ ፍሬው ይረግፋል፣ ገዢው ዘርግፎ ሲያየው ዋጋ ይጥልበታል። ውሃ ሲነካው ደግሞ የባሰ ነው፤ ዋጋ እስኪነሳ ብለን ስናቆየው መጫኛው ክረምት ላይ ይውላል።

ጎረቤቴ ያስጫነው በርበሬ ደጀን ላይ ዝናብ መታው። ሸራው የተቀደደ ነበር። መኪናው ዓባይ በረሃን በዚያ ሙቀት አቋርጦ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ተበላሽቶ ለቀናት ቆመ። አዲስ አበባ ሲራገፍ አብሬው ነበርኩ፤ የላይኛው ጆንያ ሲፈታ ዛላው እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሲሰበር ውስጡ ነጭ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን አድርቆ ከደህናው ጋር መቀላቀል ነውር ነው፤ ሻጋታው የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በማድረቅ አይጠፋም፣ ሰው ይጎዳል። ሾፌሩ ባለመኪናውን ጠይቁ አለ፣ ባለመኪናው ደላላውን፣ ደላላው ስልኩን ዘጋ። «መድን አለው» ተብሎ ነበር፤ ሲታይ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። እሱ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለተጫነው ዕቃ አይከፍልም።

ሕጉ ግን አለ። ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ጊዜ አንስቶ ለተቀባዩ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው መጥፋትና ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ታዲያ አጓጓዡ ማን እንደሆነ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ማንን ይከሷል?

እኔ ጽሕፈት ቤትና ማኅተም ያለው፣ ለጭነቱ በስሙ የሚፈርም ማኅበር ወይም ድርጅት ካልሆነ አልጭንም፤ ቢወደድም። ለዕቃው የጉዞ መድን ለብቻው እገባለሁ። መኪናው ሲመጣ ባዶውን እሸተዋለሁ፤ ማዳበሪያ ወይም ናፍጣ የሸተተ ወለል ለበርበሬ አይሆንም። ሸራውን በቀትር አስለብሼ ከሥሩ እገባለሁ። ፀሐይ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ፣ ዝናቡም በዚያው ይገባል። ሾፌሮች መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ደህናዎቹ ግን አብረውኝ ገብተው ያያሉ።

ባለመኪኖችም ላይ በደል ይደርሳል፣ እሱን መካድ አይገባም። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፈው ያድራሉ፤ መንገድ ሲዘጋ በረሃ ላይ ከነጭነታቸው ይቆማሉ፤ ለቆሙበት ቀን ማን እንደሚከፍል ስላልተጻፈ ከነጋዴው ጋር ይጣላሉ። ይህም ከመነሳታቸው በፊት በውሉ ይግባ።

የዘንድሮው በርበሬ ከመድረሱ በፊት የትራንስፖርት ማኅበራቱና የከተማችን ነጋዴዎች ተቀምጠን አንድ ዓይነት የጭነት ሰነድ እንድናዘጋጅ እጠይቃለሁ። የባለመኪናው ስም፣ ሰሌዳው፣ የተመዘነው ኩንታል፣ የዕቃው ሁኔታ ሲጫን፣ የመድረሻው ቀንና የቆመበት ቀን ክፍያ ይጻፍበት፤ በሦስት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ ከሾፌሩ ጋር ይሂድ። የንግድ ጽሕፈት ቤቱም ስብሰባውን ይጥራልን፤ እኔ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

አንድ የበርበሬ ነጋዴ
ከቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም