በበልግ ዝናብ ወራት ስለ ተማሪዎች አወጣጥና አረካከብ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ቀን፦ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በዝናብና በጎርፍ ጊዜ ስለሚኖረው የተማሪዎች መውጫ ሥርዓት ማሳወቅን ይመለከታል

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ዐቢይ ጾምና የረመዳን ወር ዘንድሮ አንድ ላይ ስለዋሉ ለሁላችሁም መልካም የጾም ጊዜ እንመኛለን።

እንደምታውቁት ከተማችን ዝናብ የምታገኘው በሁለት ወቅት ነው። በክረምቱ ልጆቹ ትምህርት ዘግተው በእናንተ እጅ ይሆናሉ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው በበልጉ ዝናብ ግን በእኛ ግቢ ውስጥ ናቸው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው በክረምት፣ ያውም በሌሊት ነበር። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ በደረሰ ጊዜም ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ልጆቻችን በመማሪያ ክፍል አልነበሩምና፣ ወንዙ በትምህርት ሰዓት ቢሞላ የእኛ አሠራር ምን ያህል እንደሚሠራ ተፈትኖ አያውቅም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ከእናንተ ጋር መግባባት ስላለብን ነው።

ደቻቱ የሚያሳስተው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ትልልቆችም አቋርጠውት ያልፋሉ። ውሃው ግን የሚሰበሰበው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ስለሆነ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ባሉት በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ሰማዩ ብራ ሆኖ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ከ1998ቱ አደጋ ወዲህ የተሠሩት የመከላከያ ግንቦች ጎርፉ ወደ መንደር እንዳይገባ ይረዳሉ እንጂ በአሸዋው ላይ ያለን ሰው አያድኑትም፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜማ ግንቡ ራሱ መውጫ ያሳጣል። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ አዋቂን ሰው ከእግሩ ሊጥል ይችላል፤ ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለሆነም ሰማዩ ምንም ይሁን ምን፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ማንኛውም ተማሪያችን በድልድይ እንጂ በወንዙ አሸዋ አቋርጦ እንዳይሄድ በቤትም እንድታሳስቡልን አጥብቀን እንጠይቃለን። በድልድይ መዞሩ መንገዱን እንደሚያረዝም እናውቃለን፤ ትንሽ ዘግይቶ የሚደርስ ልጅ በዚህ ወቅት እንደ አርፋጅ አይቆጠርበትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ በተራሮቹ ላይ ከባድ ዝናብ መኖሩ ከታወቀ ወይም ወንዙ መሙላት ከጀመረ፣ የ9፡30 የመውጫ ደወል አይደወልም፤ ዋናው በርም ይዘጋል። ትምህርት ቤታችን የሚገኘው በከዚራ በኩል ስለሆነ፣ በዚሁ በኩል የሚኖሩ ተማሪዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው የመረከቢያ ቅጽ ላይ ስሙ ለተመዘገበ አዋቂ ብቻ በፊርማ ይሰጣሉ። ከመጋላና ከወንዙ ማዶ ካሉ ሰፈሮች የሚመጡት ግን ውሃው እስኪጎድልና ድልድዩ ለመንገደኛ ክፍት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ወላጅ በር ላይ ቢቆምም እንኳ፣ ከግቢ አይወጡም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ቅሬታ እንዳስነሳ አልዘነጋንም። «ልጄን ከእኔ የበለጠ ማን ያስብላታል?» ላሉን እናት መልሳችን፣ የምንፈራው የእናንተን ግዴለሽነት ሳይሆን ፍቅራችሁንና ችኮላችሁን ነው የሚል ነው። በተለይ በዚህ ወር ሁሉም ሰው ለአፍጥር ቤቱ ለመድረስ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ «ገና አልሞላም፣ እናልፋለን» የሚል አሳብ በቀላሉ ይመጣል።

ልጆቹ ቢያመሹ ብቻቸውን አይሆኑም። እኔን ጨምሮ ተረኛ መምህራን የመጨረሻው ተማሪ እስኪወሰድ ድረስ በግቢው እንቆያለን። ለሚጾሙ ሙስሊም ተማሪዎች ተምርና ውሃ፣ ለሌሎቹም የጾም ምግብ በመጋዘናችን ተዘጋጅቷል። ዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ያላችሁ ግን የአንድ ቀን መድኃኒት ከነስሙና ከነመጠኑ ለክፍል ኃላፊው መምህር አስቀድማችሁ እንድታስረክቡ እናሳስባለን።

በኮንትራት ባጃጅ የሚመላለሱትን በሚመለከት አንድ ጥፋታችንን መናገር ይገባል። ባለፈው ዓመት አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ዘወትር የምናየው ሹፌር መስሎን፣ ሁለት ተማሪዎችን እሱን ተክቶ ለመጣ ሰው አስረከብን። ልጆቹ በሰላም ቤታቸው ገቡ፤ ሆኖም እኛ ይህን ያወቅነው ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጨነቅን በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ ሹፌሩ ፎቶግራፉና የሰሌዳ ቁጥሩ በቅጹ ላይ ካልተያያዘ፣ በር ጠባቂዎቻችን በመልክ ቢያውቁትም ተማሪ አይሰጡትም። ተተኪ የሚልክ ከሆነ ወላጅ ራሱ ደውሎ ያሳውቅ። ሹፌሮቹን ስትዋዋሉም በድልድይ ብቻ እንዲሄዱና ሦስት ልጅ በሚይዝ መቀመጫ ስድስት እንዳይጭኑ አብራችሁ ብትዋዋሉ መልካም ነው።

ዜናው የሚደርሳችሁ ከክፍል ኃላፊው መምህር በሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። በዚያ ሰዓት ሁላችሁም አንድ ላይ ብትደውሉ መስመሩ ስለሚጨናነቅ፣ መልእክት ካልደረሳችሁ ልጃችሁ በግቢው እንዳለ ቁጠሩት። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ስልኩን አጥፍቶ ጋደም የሚል ሰው የበዛባት ከተማ ናትና፣ በቅጹ ላይ ከምትመዘግቧቸው ሦስት አዋቂዎች ቢያንስ አንዱ ከሰዓት በኋላ ስልኩ የማይዘጋ፣ አንዱ ደግሞ ከተቻለ በከዚራ በኩል የሚኖር ዘመድ ወይም ጎረቤት ይሁን።

መብረቅ ባለበት ጊዜ ተማሪዎች ከኒሙ ዛፎች ሥር እንዳይጠለሉ ተነግሯቸዋል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ እስኪያልፍም ወደ ሜዳ አይወጡም።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ትንኝም ሊዘነጋ አይገባም። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. ዴንጊን፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያን አይታለች። እነዚህን በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። የምትራባውም በየቤታችን በምናጠራቅመው ንጹሕ ውሃ ነው። ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ስለሚበቃት፣ በርሜልና ጀሪካን በሳምንት አንድ ጊዜ ይገልበጥ፤ እንቁላሉ በዕቃው ጎን ስለሚጣበቅ ውስጡ ይፈተግ፣ ከዚያም ይከደን። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አትላኩት፤ በጤና ተቋም ሳይመረመርም ደም የመፍሰስ ችግርን የሚያባብሱትን አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጡት።

የመረከቢያ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። እስከ አርብ መጋቢት 12 ቀን ድረስ ተሞልቶና ተፈርሞ በልጃችሁ እጅ ይመለስ፤ በአማርኛ መሙላት የሚቸግራችሁ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መሙላት ትችላላችሁ። ማክሰኞ መጋቢት 16 ቀን ከሰዓት በኋላ የሙከራ ልምምድ ስለምናደርግ፣ በዚያ ዕለት ደወሉ ሳይደወል በሩ ተዘግቶ ብታገኙት አትደንግጡ፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ተራ ጠብቁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር