የዲግሪው ስም አያታልላችሁ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ታዳሽ ኃይል ሙያና ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ተማሪው «ታዳሽ ኃይል» የሚል ስም ያለው ዲግሪ እንዲፈልግ መምከሩ ግን አልተዋጠልኝም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ሰፊ መሠረት ይሻላል፤ ልዩ ሙያው በማስተርስ ይደርሳል።

እዚሁ አዳማ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ጣቢያዎች እንይ። የአንደኛው አቅም 51፣ የሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። የማማውን መሠረት የሚያሠራው ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ የሚሽከረከረውን ክፍል የሚከታተለው ሜካኒካል፣ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ወደ መስመር የሚያስገባው ደግሞ ኤሌክትሪካል። እነዚህን ያጠና ሰው ነገ ግድብ ላይም፣ ሶላር ላይም ይሠራል። በጠባብ ስም የተመረቀ ግን ያ አንድ ዘርፍ ከቀዘቀዘ ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ይሄ ያሳስበኛል።

ደግሞ ጉዳዩ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ ብዙ ቤት ግን ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ይህን ለመቀየር ኢኮኖሚክስ ያጠናችም ታስፈልጋለች።

ስለዚህ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን ዲፓርትመንት ከመምረጣቸው በፊት ወደ ነፋስ ጣቢያውና ወደ ቆቃ ግድብ ይውሰዳቸው። እዚያ ያሉትን ሠራተኞች ምን እንደተማሩ ራሳቸው ይጠይቁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ